«ነገ ይመለሱ» ይል የነበረው ሰርቨር

ሰዉ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየጠረገ «ዛሬ ደግሞ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» ብሎ ሲነጫነጭ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምን ያውቃል እሱ! እኔና ፋንታሁን ነጭ ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ብቅ እስክትል ሦስት ቀን ቁጭ ብለን የጠበቅን ሰዎች ነን። ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው፤ የሚሌኒየሙ መብራት ከጎንደር ፒያሳ ምሰሶዎች ላይ ገና አልወረደም። አባዬ አራዳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ከጀርባው ድሮ የአቡጀዲ ጣቃ የሚከመርበትን ክፍል ለቀቀልኝና ሦስት ኮምፒውተር አስገባሁበት። በሩ ላይ «ረውዳ ኮምፒውተር» ብዬ በቀይ ቀለም አስጻፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ፋንታሁን የደባርቅ ልጅ ነው፤ ዲፕሎማ አብረን ነው የተማርነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ከያዘ ደግሞ እንደ መዥገር የማይለቅ። ማመልከቻ እንተይባለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ሥራ ሲጠፋ እንጨቃጨቃለን። አባዬ ከፊት ሱቅ ሆኖ ይሰማንና «ምነው፣ እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ደግሞ በምን ተጣላችሁ?» ይለናል። አባዬን፣ ዐብዱልከሪም ሲባል፣ አራዳ የማያውቀው አልነበረም፤ አላህ ይዘንለት። አሁን ያ ክፍል የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

የነገሩ መነሻ አንድ የጤና ማሰልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በየዓመቱ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ከደባርቅም ከአዲ አርቃይም ሰው ይጎርፍና ወረቀቱ ላይ ይጋፋል፤ አንዱ በጣቱ ሲያስስ ሌላው ሲስብ፣ በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ተቀዶ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። እኔ ይኼን ሳይ አልቻልኩም። «ዝርዝሩን በፍላሽ ይስጡን፤ እኛ ቤት የፈተና ካርድ ቁጥሩን የነገረን ሁሉ በነፃ ውጤቱን ይወቅ» አልኩ። አባዬ ከኮሌጁ ሰዎች ጋር በሱፍ ጨርቅ ደንበኝነት ይተዋወቅ ነበርና ሄዶ አስማማልን።

«ዝርዝሩን ሦስቱም ማሽን ላይ እንገልብጠው» ብል ፋንታሁን አሻፈረኝ አለ። ኮሌጁ ስም ቢጨምር ሦስት ቦታ ልናርም ነው? ዝርዝሩ አንድ ማሽን ላይ ይቀመጥ፣ ሁለቱ እየጠየቁ ይውሰዱ፤ ሰርቨር እንሥራ አለ። ኮምፒውተሮች ገጽ የሚጠያየቁበት ኤችቲቲፒ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ አሥራ ሁለት ገጽ ወረቀት አትሞ ነበር፤ በየኪሱ አጣጥፎ ስለሚዞረው ጫፉ ሁሉ ተበልቷል። «ሰርቨር ማለት ሱቅ ነው» አለኝ። «በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ጠያቂ ይመጣል፣ የፈለገውን ይናገራል፣ መልሱን ይዞ ይሄዳል። በሩ ደግሞ ቁጥር አለው፤ የእኛው ስምንት ሺህ ሰማንያ ይሁን።» የነጋዴ ልጅ ነኝና ወዲያው ገባኝ።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱን መልስ ሰጪ ጻፍንለት። አንደኛው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የመጀመሪያውን ገጽ ይሰጣል። ሁለተኛው የካርድ ቁጥር ተቀብሎ ስምና የትምህርት ክፍል ይመልሳል። ሦስተኛው የፋንታሁን ጨዋታ ነው፤ ሰዓት ሲጠይቁት የፈረንጁን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቀይሮ ይናገራል። ማን ሰዓት ይጠይቀዋል ስለው «እኔ እጠይቀዋለሁ» አለኝ፤ እውነትም በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቀው ነበር። አራተኛው ከሁሉም የማይገጥም ጥያቄ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር ሲመጣ የሚመልስ ነው። ልቤን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን እምቢ አለን። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጥያቄው ሲደርስ ጥቁሩ መስኮት ላይ ቁልጭ ብሎ እናየዋለን። መልሱን እንልካለን። ወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ግን ነጭ ገጽ፣ ነጭ ብቻ። ገመዱን ቀየርን፣ ማሽኑን አጥፍተን አበራን፣ እኔ ዱዓ አደረግሁ፣ እሱ አማተበ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፋንታሁን ወረቀቱን ሲያነብ ቆይቶ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ረውዳ፣ ባዶ መስመር!» መልስ ሲላክ መጀመሪያ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ በመለያ ቁጥር ይነገራል፤ ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ ይተዋል፤ ከዚያ ነው ዋናው የሚመጣው። እኛ ባዶዋን ረስተናታል። ጠያቂው ማሽን ምስኪን፣ ገና ንግግራችንን ያልጨረስን መስሎት ሦስት ቀን በጨዋ ደንብ ይጠብቀን ኖሯል።

ባዶዋን መስመር አስገባን። «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ብቅ አለ። እልልታዬን አቀለጥኩት! አባዬ እሳት የተነሳ መስሎት የጨርቅ መለኪያውን ሜትር እንደያዘ ሮጦ ገባ። ፋንታሁን ወንበር ላይ ቆሞ ሲጨፍር አይቶ «ኧረ ተዉ፣ ልጆች፣ ጎረቤት ምን ይላል» አለና እሱም ሳቀ። ያችን ከሰዓት በኋላ መልሱልኝ ብባል ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

ጠባችን የመጣው በአራተኛው መልስ ሰጪ ነው። ፋንታሁን «ቁጥሩ ከሌለ አራት መቶ አራት፤ የለም ይበል፤ አለቀ» አለ። እኔ ዘለልኩበት። አባዬ ሱቅ ውስጥ «የለም» የሚባል ቃል አይነገርም ነበር። ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ አለ ወይ ሲሉት ካለቀ አንድ ወር ሆኖት እንኳ «ነገ ይመጣል፣ ነገ ብቅ በይ» ይላል። «የለም ያልሽው ሰው ጀርባውን ሰጥቶሽ ይሄዳል፤ ነገ ያልሽው ሰው መርቆሽ ይሄዳል» ብሎ ነው ያሳደገኝ። የጎንደር ነጋዴ ሁሉ እንዲያ ነው። ታዲያ ከአዲ አርቃይ ድረስ የመጣ ሰው እኔ ቤት ገብቶ «የለም» ይባል? ነውር አይደለም? ከኮሌጁ ፍላሹን የሰጠኝ ሰውዬም «ምናልባት ተጨማሪ ስም ይኖር ይሆናል» ብሎኝ ነበር፤ ያችን ቃል ይዤ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ራሴ ቁጭ ብዬ «ዛሬ አልደረሰም፤ እባክዎ ነገ ይመለሱ» ብዬ ጻፍኩ። መለያ ቁጥሩንም ሁለት መቶ አደረግሁት።

«ሁለት መቶ ማለት እሺ፣ የጠየቅኸው ይኸውልህ ማለት ነው» አለ ፋንታሁን። «ማሽኑን እያስዋሸሽው ነው።»

«ጨዋነት እያስተማርኩት ነው» አልኩት።

በማግስቱ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ደባርቅ መሄድ ነበረበት። ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆመና «ያችን መስመር ቀይሪያት፣ በሞቴ» አለኝ። «ስትመለስ እንነጋገራለን» አልኩት። ግትርነቴ የታወቀ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ሰዉ ይመጣል፣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እተይባለሁ፣ ስሙ ይወጣል፣ ይሳሳማል። ከኮሶዬ የመጡ አንድ ገበሬ ከጋቢያቸው በላይ ኮት ደርበው ወረፋ ያዙ። ክንዱ ይባላሉ፤ እኔም አያ ክንዱ አልኳቸው። የልጃቸውን የእናኑን ካርድ በፌስታል ጠቅልለው የውስጥ ኪሳቸው ከተውታል። ካርዱን አውጥተው በሁለት እጃቸው ወደ ስክሪኑ ዘረጉት፤ ማሽኑ ያየው ዘንድ። አልሳቅሁም። ቁጥሩን ተየብኩና የወጣውን አነበብኩላቸው፦ «ዛሬ አልደረሰም፤ እባክዎ ነገ ይመለሱ።»

«ነገ አለኝ?»

«አዎ፣ አያ ክንዱ።»

«ሸጋ ነው! ሸጋ ነው፣ ልጄ። ነርስ ልትሆንልኝ ነው እኮ። ከቤታችን የተማረች እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እሷ ገብሱን ከእናቷ ጋር እያጨደች ነው፤ ነገ እኔው እመጣለሁ።» መርቀውኝ ሄዱ።

ማክሰኞ መጡ። ነገ ይመለሱ። ረቡዕ መጡ። ነገ ይመለሱ። ሐሙስም እንዲሁ። ከኮሶዬ በጭነት መኪና ተንጠላጥለው፣ በወለቃ ሸክላ ሻጮች በኩል አልፈው፣ ማልደው ደጃችን ይደርሳሉ። ሻይ አቀርብላቸዋለሁ፣ ስለ ቀበሌያቸው ውርጭ ያወሩኛል። እናንተ ሆዬ፣ እዚህ ላይ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ፤ እኔም ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩትን መስመር እያነበብኩ ራሴ አመንኩት! ስክሪን ላይ በኮምፒውተር ፊደል ሲወጣ ሌላ ሰው ያለው መሰለኝ። ተጨማሪው ስም ነገ ይመጣል ብዬ እኔም ከሳቸው ጋር ነገን እጠብቅ ጀመር።

ዓርብ ለጁምዓ እንዘጋለን። ከስድስት ሰዓት በፊት እኔና አባዬ ስንወጣ፣ ያን ቀን መኪና አጥተው ያረፈዱት አያ ክንዱ መንገድ ላይ አግኝተውን «ምንም አይደል፣ እጠብቃለሁ» አሉ። ስምንት ሰዓት ስንመለስ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ካርዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከፈትን፣ ተየብኩ፣ ነገ ይመለሱ አለ። «ነገ እንግዲህ ቅዳሜ ነው፤ እናኑን ይዣት እመጣለሁ፤ አጨዳው አልቋል» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ አባትና ልጅ ገቡ። እናኑ ረዘም ያለች፣ ፊቷ በብርድ የቀላ፣ መዳፏ በማጭድ የተላጠ ልጅ ናት። ቁጥሯን ራሷ ተየበች። መልሱን ራሷ አነበበች። ዞር ብላ አየችኝ።

«ነገ ምንድን ነው የሚመጣው?»

«ተጨማሪ ስም ሊኖር ይችላል ብለው…»

«ነገ ያለው ማን ነው?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑን ነገ በል ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስሜ የለም ማለት ነው?»

«የለም» አልኳት።

አያ ክንዱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያዩ «እንግዲያው ነገ እንምጣ?» አሉ።

ፍላሹን ከፈትኩት። ከዝርዝሩ ጎን አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነበረ፤ ሰኞ ዕለት «ምን ያደርግልኛል» ብዬ ያለፍኩት። ስሙ ያልወጣ አመልካች እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ካርዱን ይዞ ቅሬታውን ያቅርብ ይላል። ዓርብ ስድስት ሰዓት! አባትየው እኛ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው በነበረበት ሰዓት። ጮህኩ መሰለኝ፣ አባዬ ገባ። ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «ስለ ጨርቅ ያስተማርኩሽን ነው ለሰው ያደረግሽው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና «ቁሚ፣ ሩጪ፣ ባጃጅ ያዢ» ብሎ ገፋኝ።

ለምዝገባው ሲሉ የኮሌጁ ሰዎች ቅዳሜም ይሠሩ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ተቀመጥን፤ እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። አያ ክንዱ በዚያ ሻካራ እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ። «ምነው ልጄ፣ ምነው! እኔ እኮ አምስቱንም ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁ። ነገ ብሎኛል ስላቸው ቤቱ ሁሉ ሲስቅ ነው ያመሸው።» እናኑ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

የመዝገብ ክፍሏ ወይዘሮ ለተ ማርያም ትባላለች። ካርዱን ተቀብላ ትልቁን መዝገብ ገለጠች፤ ጣቷ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። «ይኸው! አለች እኮ። እናኑ ክንዱ፣ ክሊኒካል ነርስ። ሲተየብ ተዘላለች።» ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ጠቁሯል። «ትናንት እስከ ስድስት ሰዓት ብትመጡ ኖሮ አሁኑኑ አስተካክለው ነበር። ቅሬታ የለም ብለን ዘጋን። የጎደለችውን ቦታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተጠባባቂዎቹ ለአንዲት ልጅ ሰጠናት። ከአዲ አርቃይ የመጣች ናት። ተመዝግባለች።»

እኔ ጠረጴዛውን መታሁ። ያን ቀን ያልተናገርኩት የለም። የእናንተ ስህተት ነው፣ የእኔ ስህተት ነው፣ ልጅቷን ጥሩና ንገሯት፣ አስወጧት፣ ቦታው የእሷ አይደለም እያልኩ ጮህኩ። ሰው በበሩ ተሰበሰበ። ለተ ማርያም እንባዋ መጣ፤ ግን ቦታው በቁጥር ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዚያ ዓመት ተፈታኞች ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ ምን ላድርግ አለች። እኔ አሁንም አስወጧት ስል እናኑ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ እቴ» አለችኝ። «ያችም ልጅ ይኼኔ ለአባቷ ነግራለች።»

ካርዷን ከጠረጴዛው አነሳች፣ ለተ ማርያምን አመሰገነች፣ አባቷን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ሰኞ ፋንታሁን ከደባርቅ ሲመለስ ነገርኩት። «ብዬሽ ነበር» አላለኝም፤ ያኔም አላለኝ፣ እስከ ዛሬም አላለኝ። አጠገቤ ተቀምጦ መስመሯን ከእኔ ጋር ቀየርናት። ሁለት መቶው አራት መቶ አራት ሆነ። «ስምዎ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ካርድዎን ይዘው ዛሬውኑ ኮሌጁ ይሂዱ» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ዓመት በዚያች መልስ አራት ልጆች ቦታቸውን አገኙ። ፋንታሁን ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አሁን በአንድ ድርጅት ውስጥ ስንት ሰርቨር እንደሚያዝዝ እንጃ። ሲደውልልኝ ስለ ሥራ አናወራም፤ ስለዚያች ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ባዶዋ መስመር፣ አባዬ ሜትሩን ይዞ ስለ መግባቱ ነው የምናወራው። ይናፍቀኛል፤ ምን ይዋሻል።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ አሥር ሚያዝያ ላይ፣ ለሥራ ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ለቁርስ ኮሶዬ ቆመ። ምግብ ቤቱ የእናኑ ነው። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፤ ሁልጊዜ ከመኪናው ሳልወርድ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ወረድኩ። ወዲያው ነው ያወቀችኝ። አያ ክንዱ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል አለችኝ፤ አብረን ትንሽ አለቀስን። ከዚያ አሥር ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። ይቅር በይኝ፣ ሕይወትሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺን ያኔ ባጃጁ ውስጥ ስታለቅሺ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ማክሰኞ ማታ አባቴ ዳግመኛ ነገ ብሎኛል ብሎ ሲገባ፣ ስሜ እንደሌለ ገብቶኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ተነስቼ ብመጣ እደርስ ነበር። ግን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የለም ልበለው ብዬ አፌን ከፈትኩና 'እንግዲያውስ ነገ ይሆናል፣ አባባ' አልኩት።»

ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተነሱ። እኔ እጇን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ ሚኒባሱም ጥሎኝ ሄደ።